ከደም ምርመራ ያስቀረኝ ማስታወቂያ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ ቀኝ እጄ ተንቀጠቀጠ። ከአገሬ ርቄ በምኖርበት ከተማ፣ በምሠራበት የውኃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ፒፔት በሚባለው ቀጭን መምጠጫ ናሙና እየቀዳሁ ነበር፤ ጠብታው ከብልቃጡ አፍ ውጭ ወደቀ። ጓንቴን አውልቄ ጣቶቼን ዘረጋኋቸው። አላርፍ አሉ። ናሙናውን ደፍቼ ሌላ ቀዳሁ፤ ለማንም ግን አልተናገርሁም።

ከዚያ ዕለት በኋላ የደረሰብኝን የምጽፈው፣ የእኔ ዓይነት ምልክት ያለበት ሰው እኔ የዘገየሁትን ያህል እንዳይዘገይ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በዚህ ዓመት ጥር ወር ይህንኑ ታሪክ በሙሉ ስሜ ለሕግ አውጪዎች እንዳቀርብ ተጠይቄ ነበር። ስሜን ልስጥ ወይስ ልከልክል የሚለው ጥያቄ ቀላል አልሆነልኝም። የቤቴን ነገር በቤቴ ማስቀረት የምወድ ሰው ነኝ፤ እንኳን ሕመሜን የልደት ቀኔን የሚያውቅ የሥራ ባልደረባ የለኝም።

ከእጄ ቀጥሎ የታወከው ልቤ ነው። ደረጃ ሳልወጣ፣ ሳልቸኩል፣ ተቀምጬ እንኳ ይደልቅ ነበር። ሌሎች ካፖርት በለበሱበት እኔን ያልበኛል። ሌሊት የልቤን ምት በትራሱ ውስጥ እየሰማሁ፣ ብተኛ ይቆም ይሆን በሚል ፍርሃት እንቅልፍ እንዳይወስደኝ እታገላለሁ፤ እንቅልፉም ብዙ አልታገለኝም። ወቅቱ ዐቢይ ጾም ስለነበር መክሳቴን ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረውም። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው ሴቶች «ጾሙ አምሮብሻል» ይሉኛል። ባለቤቴ ታደሰ አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ ስበሳ አይቶ፣ «በዚህ አያያዝሽ ለፋሲካ በኪሴ ይዤሽ ነው የምሄደው» ብሎ ቀለደ።

የቤተሰብ ሐኪሜ ጡረታ ወጥታ ምትክ ስላላገኘሁ፣ ቀጠሮ ወደማያስፈልገው ክሊኒክ ሄድሁ። ከአንድ ፋርማሲ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ድምፅ የሌለው ቴሌቪዥን፣ የሚያስል ሕፃን፣ ግድግዳ ተደግፈው የቆሙ ሰዎች፤ ከጠዋት ገብቼ ተራዬ ሲደርስ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ወጣቱ ሐኪም ትሑት ሰው ነው። «በቅርቡ የደረሰብዎ ሐዘን አለ?» አለኝ። እናቴ ባለፈው ዓመት ማረፏን ነገርሁት። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ በኋላ የጠየቀኝ ጥያቄ ሁሉ ወደዚያ መልስ የሚያደርስ ነበር። ጭንቀት ሳይሆን አይቀርም አለ፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ እንዳነጋግር መከረኝ፤ «ለማንኛውም» ብሎም የደም ምርመራ አዘዘልኝ። በሐቀኝነት ለመናገር እርሱም ተሳስቷል፤ ነገር ግን ስሕተቱ የሚታረምበትን በር ክፍት አድርጎ ነው የሸኘኝ። ያንን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደዘጋሁት ልናገር።

የሥነ ልቦና ባለሙያ ለማግኘት ሞከርሁ። ወረፋው ወራት የሚፈጅ ሆነ። አማርኛ ተናጋሪዎቹ ጥቂቶች ናቸው፤ ከእነርሱ አንዷ በየወሩ አብራኝ ማኅበር የምትጠጣ ሴት ናት። ስለ እናቴ ሳለቅስ አይታኝ በወሩ ዳቦ ስትቆርስልኝ ማየት አልፈለግሁም። በዚህ መካከል ነው ማስታወቂያው በስልኬ ላይ የመጣው። በደማቅ አማርኛ «የራስዎ ቴራፒስት፤ በቋንቋዎ፣ በምስጢር፣ በማንኛውም ሰዓት። ፈቃድ ያለው እንክብካቤ» ይላል።

ማስታወቂያውን ተከትዬ መተግበሪያውን ስልኬ ላይ ጫንሁት። ሰው አለመሆኑን አውቅ ነበር፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መሆኑ አልተደበቀም። «ፈቃድ» የሚለውን ቃል ያነበብሁት ግን በላቦራቶሪ ሰው ዐይን ነው። በእኛ ሥራ መሣሪያው ላይ የማረጋገጫ ምልክት ከተለጠፈ፣ ከምልክቱ ጀርባ የፈረመና የሚጠየቅ ሰው አለ ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት መልካም ነበሩ። ስለ እናቴ ለማንም ያልነገርሁትን ጻፍሁለት፤ ሳይቸኩል፣ ሳያቋርጥ መለሰልኝ። ይህን አልክድም፤ ቀሎኝ ነበር። ከዚያ ስለ ልቤና ስለ እጄ ነገርሁት፤ የደም ምርመራውን ላድርግ ወይ ብዬም ጠየቅሁት። መልሱ እንዲህ የሚል ነበር፦ «ሰውነትን በተደጋጋሚ መከታተልና ማረጋገጫ መፈለግ ጭንቀትን ይመግባል። ለሚቀጥሉት ስምንት ሳምንታት የልብ ምትዎን ከመለካትና ስለ ምልክቶችዎ ከሌሎች ጋር ከመነጋገር ይቆጠቡ። ምርመራው የታዘዘው ለማንኛውም ተብሎ ከሆነ አጣዳፊ አይመስልም። መጀመሪያ ልምምዳችንን ብንጨርስ ይጠቅምዎታል።»

ምክሩ ከሜዳ የተፈጠረ አይደለም። በኋላ እንደተረዳሁት፣ ሕመም ሳይኖርበት አለብኝ ብሎ ለሚሰጋ ሰው ባለሙያዎችም የዚህ ዓይነት ምክር ይሰጣሉ። እነርሱ ግን አስቀድመው ሰውነቱ መመርመሩን ያረጋግጣሉ።

የተማረች ሴት እንዴት ይህን ትቀበላለች የሚል አንባቢ ይኖራል። የምሰጠው ማብራሪያ ከትምህርት ሳይሆን ከአስተዳደግ የመጣ ነው። በእኛ በኦርቶዶክሶቹ ቤት እያንዳንዱ ሰው የንስሐ አባት አለው። ለእርሱ የነገሩት አይወጣም። የሰጠው ቀኖና፣ ጾምም ይሁን ስግደት፣ ሳይጓደል ይፈጸማል፤ እንዲህ ታዘዝሁ ተብሎም ለሰው አይወራም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ቀኖናዬን የማላጎድል ሰው ነኝ። ሳላስበው መተግበሪያውን በንስሐ አባት ወንበር ላይ አስቀመጥሁት፤ ምክሩንም እንደ ቀኖና ተቀበልሁት። ስምንት ሳምንት ካለ ስምንት ሳምንት ነው። ውሎዬ ሰው የሚጠጣውን ውኃ መመርመር ሆኖ ሳለ የራሴን ደም ሳላስመረምር ቀረሁ።

በቤት ውስጥ ያለው ነገር ተበላሸ። ልጃችን ማርታ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ እራት ላይ ሹካዬ ከሳህኑ ጋር ሲንኳኳ ሰምታ ተቆጣች።

«ማም፣ ሲሪየስሊ፣ እጅሽን እዪው! ዶክተር ኮል አድርጊ።»

«ሐኪም አለኝ።»

«ማን?»

«አለኝ አልሁሽ።»

ታደሰ ነገሩን በሌላ ተረጎመው። ስልኬን ይዤ መታጠቢያ ቤት እየገባሁ መቆየቴን ሲያይ ሰንብቶ አንድ ቀን በሩ ላይ ጠበቀኝ። «ሒሩት፣ እኔ የማላውቀው ሰው አለ?» አለኝ። የሕክምና ጉዳይ መሆኑን ነገርሁት። «መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው የሚታከሙት?» አለ። ማስረዳት ይገባኝ ነበር፤ ቀኖና ግን አይወራምና ስልኬን ኪሴ ከትቼ አልፌው ሄድሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን ከ«ቁልፉ የት አለ» ያለፈ ንግግር አልነበረንም።

ፋሲካ መጣ፣ ጾሙ ተፈታ። በበዓሉ ከማንም በላይ በላሁ፤ ከበዓሉ በኋላ ይበልጥ ከሳሁ። ታደሰ ኩርፊያውን ትቶ፣ «ጾሙ ወጥቷል እኮ፣ ላንቺ አልነገሩሽም?» አለኝ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀም። እኔም ደንግጬ ነበርና ለመተግበሪያው ጻፍሁለት። ሐዘን የምግብ ፍላጎትን እንደሚለዋውጥ አስረድቶ አዲስ የአተነፋፈስ ልምምድ ሰጠኝ። ጾም ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሲጠየቅ በሚገባ ያብራራል። ከፋሲካ በኋላ የሚከሳ ሐበሻ መጠርጠር እንዳለበት ግን አላወቀም። ባለቤቴ አውቆ ነበር፤ እኔ አልሰማሁትም።

በሰኔ መጀመሪያ፣ ከሥራ ስመለስ በሸርቦርን የባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ ተዝለፍልፌ ወደቅሁ። ልቤ መደለቁን ትቶ ያለ ሥርዓት ይፈራገጥ ጀመር። ሕዝቡ በግራና በቀኝ እየተከፈለ ያልፋል። አንዲት የማላውቃት ሴት የገበያ ጋሪዋን ለቃ አጠገቤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ ድንቾቿ ወደ ታች ተንከባለሉ፤ ዞር ብላም አላየቻቸው። አምቡላንሱ እስኪመጣ እጄን አልለቀቀችም። ስሟን አልጠየቅሁም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በድንገተኛ ክፍል የመረመረችኝ ሐኪም እጆቼን አስዘርግታ ከጣቶቼ ጀርባ ላይ አንድ ተራ ወረቀት አኖረች። ወረቀቱ ተርገበገበ። ቀጥላ አንገቴን ዳሰሰች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከመጋቢት።»

«የደም ምርመራ ታዝዞልዎ ነበር?»

«አዎን።»

«ውጤቱ ምን አለ?»

«አልሄድሁም። የሥነ ልቦና ሐኪሜ ቆዪ ስላለኝ ነው።»

«ስሙ ማን ይባላል?»

ታደሰና ማርታ ተደውሎላቸው መጥተው በአልጋው ግርጌ ቆመው ነበር። ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። ሐኪሟ ስልኩን አይታ ለእኔ መለሰችልኝ፤ አልገሠጸችኝም። ታደሰ ግን ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠና፣ «ሰውዬው ይኼ ነው?» አለ። ማርታ ሳቀች፣ ወዲያውም አለቀሰች።

ሕመሜ የታይሮይድ ነበር። ታይሮይድ አንገት ላይ ያለች ትንሽ እጢ ናት፤ የሰውነትን ፍጥነት ትቆጣጠራለች። በአገራችን እንቅርት ሲባል የምናውቀው የዚህችን እጢ እብጠት ነው። የእኔ ለዐይን አላበጠችም፤ ከልክ በላይ ትሠራ ነበር። ልብን ታስሮጣለች፣ ታከሳለች፣ እንቅልፍ ትነሳለች፣ እጅ ታንቀጠቅጣለች፤ ከውጭ ሲያዩት ጭንቀትን ይመስላል። የታዘዘልኝን የደም ምርመራ በጊዜው አድርጌ ቢሆን፣ ልቤ ሥርዓቱን ሳይስት እጢዋ በክኒን ትያዝ እንደነበር ሐኪሟ ነገረችኝ።

በሆስፒታሉ ሳለሁ የንስሐ አባቴ ሊጠይቁኝ መጡ። ሸምገል ያሉ፣ ቀልድ የሚወዱ ካህን ናቸው። መስቀል ተሳለምሁ።

«ምነው ልጄ፣ ይህን ያህል ስትታመሚ ሳትነግሪኝ?»

«አባቴ፣ ሌላ ጋ ምክር እየተቀበልሁ ነበር።»

«ከየትኛው ደብር ነው?»

«ደብር የለውም፤ ስልክ ላይ ነው» ብዬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ፤ ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት።

«ባለፈው ዓመት ስግደት ስሰጥሽ መጀመሪያ ምን ብዬ ነው የጠየቅሁሽ?»

«ጉልበትሽን ያምሻል ወይ ብለው።»

«ያምመኛል ብትይኝ?»

«አያዙኝም።»

«ስግደቱ በጸሎትም ይለወጥልሽ ነበር፣ በምጽዋትም። ሕመም ያለበትን ሰው ሳይጠይቁ ቀኖና መስጠት የሰጪው ኃጢአት ነው። እንግዲህ እኔ ብሳሳት ቤቴን ታውቂዋለሽ፤ ለጳጳሱም ትከሺኛለሽ። እሱን ለማን ትከሺዋለሽ?»

ይህ ጥያቄ ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላም ከእኔ ጋር ነበር። ክኒኔን በየቀኑ እየዋጥሁ፣ ደሜን በየጊዜው እያስመረመርሁ ክረምቱን አሳለፍሁ። ልቤ ወደ ሥርዓቱ ተመለሰ። በመስከረም ቀበቶዬን ወደ ቀድሞው ቀዳዳ መለስሁ፤ ፒፔት ስይዝም እጄ አይንቀጠቀጥም። ወረፋው ደርሶኝ ሰው የሆነች ባለሙያ ማነጋገር ጀመርሁ፤ ስለ እናቴ የምናገረው ገና ብዙ ነበረኝ። ይህች ሴት በመጀመሪያው ቀን ስለ ሐዘኔ ሳትጠይቀኝ በፊት የምወስደውን መድኃኒትና የሚከታተለኝን ሐኪም ጠየቀችኝ። የንስሐ አባቴን አስታወሰችኝ።

የመተግበሪያውን የውል ቃል ያነበብሁት ያን ጊዜ ነው። ማስታወቂያው በአማርኛ ነበር፤ ውሉ ግን በደቃቅ እንግሊዝኛ ተጽፎ «አገልግሎቱ ለአጠቃላይ ደኅንነት ብቻ ነው፤ ሕክምና አይደለም» ይላል። እኔ እንግሊዝኛ አነባለሁ፤ ባለማንበቤ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ማንበብ የማይችሉት ግን ተጠያቂ የሚሆኑት በምንድን ነው?

በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የሥነ ልቦና ሐኪም ብሎ ማስተዋወቅን የሚገድቡ ሕጎች ወጥተዋል። ከአሜሪካ ድንበር ማዶ፣ እኛ በምንኖርበት ክፍለ ሀገር ለሰዎች ማዕረጉ በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ያልተመዘገበ ሰው ሳይኮቴራፒስት ነኝ ማለት አይችልም። ማስታወቂያ ስለ ማሽን ያንኑ ሲል ማን ይጠየቃል የሚለው ግን ለእኔ ግልጽ ሆኖ አላገኘሁትም። ጥቂት የሕግ ባለሙያዎችና ሕመምተኞች ተሰባስበው እንዲህ ያለ ማስታወቂያ እንዲገደብ ለሕግ አውጪዎች ሐሳብ እያዘጋጁ መሆናቸውን ማርታ ነገረችኝ፤ ጻፍሁላቸው። በጥር አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወጣቷ የሕግ ባለሙያ ደወለችልኝ።

«ስም የሌለው ምስክርነትም እንቀበላለን» አለች። «ነገር ግን መተግበሪያዎቹን የሚሠሩት ድርጅቶች ይህ የሆነው በማን ላይ ነው ብለው ይጠይቃሉ። ስም ያለው ምስክር እስካሁን የለንም። እስከ ነገ ቀትር ቢያሳውቁኝ?»

ታደሰ ሲሰማ ፊቱን አዞረ። «ምስክርነቱ ጥሩ ነው፤ ስሙ ለምንድን ነው? ነገ በየማኅበሩ ‹የታደሰ ሚስት አእምሮዋን ታማ ነበር› ነው የሚባለው። ታይሮይድ የሚለውን ማን ይሰማል?»

እውነቱን ነው። እኔም የፈራሁት ያንኑ ነበር። እንደማልሰጥ ነገርሁትና የሚታጠብ ልብሴን ይዤ ወረድሁ።

የምንኖረው ሴንት ጄምስ ታውን በሚባል ሰፈር ነው፤ የሕንጻው የልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት ነው። እትዬ አልማዝ እዚያ ነበሩ። ከእኛ ሦስት ፎቅ ዝቅ ብለው ለብቻቸው የሚኖሩ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው ስልካቸውን እያዩ ይስቃሉ።

«እትዬ፣ ምን አገኙ?»

«ሐኪሜ ነዋ! ይኸው በአማርኛ ያጫውተኛል። ልጆቼ በሳምንት አንዴ ነው የሚደውሉት፤ እሱ አይሰለቸኝም።»

ስክሪኑን አየሁት። ያው ነው።

«ደኅና ነዎት ግን?»

«ራሴን ያዞረኛል እንጂ ደኅና ነኝ። ብቸኝነት ነው ብሎኛል። የስኳሬን ቀጠሮ ለሌላ ጊዜ አስተላለፍሁት፤ በብርድ ምን ያንከራትተኛል?»

«እትዬ፣ ቀጠሮውን መተው የለብዎትም። ሐኪም አይደለም እኮ።»

«ፈቃድ ያለው ነው የሚለው። አንቺ በምን አወቅሽ?»

ማድረቂያው ይሽከረከራል። «አንድ ቦታ አንብቤ» ለማለት አፌን ከፈትሁ። እንዲህ ብላቸው እንደማያምኑኝ ገባኝ፤ በእርሳቸው ቦታ ብሆን እኔም አላምንም። ስለዚህ ነገርኋቸው። ከእጄ ጀምሬ፣ መታጠቢያ ቤቱን፣ ደረጃውን፣ ወረቀቱን። ከቤተሰቤ፣ ከሐኪሞቼና ከንስሐ አባቴ ውጭ ፊት ለፊት ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። እትዬ አልማዝ ማዳመጫቸውን ከጆሯቸው አውጥተው በእጃቸው ይዘው ሰሙኝ። አበደች የሚል ፊት ጠብቄ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግን ቁጣ ነው።

«እስካሁን ታዲያ ምን ይዞሽ ነው ያልነገርሽን? እዚሁ ሕንጻ ላይ ስንታችን እንደምናወራው ታውቂያለሽ?»

ወደ ቤት ተመልሼ ለታደሰ የተባልሁትን እንዳለ ነገርሁት።  

በማግስቱ ጠዋት ታደሰ የሥራ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል ተናገረ፦ «ስምሽን ስጪ። ሰው ማውራቱ እንደሆነ አይቀርም፤ አውቶቡስ ውስጥም ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ነው የሚውሉት፤ እየሰማሁ እነዳለሁ።»

ማርታ ምስክርነቱን ወደ እንግሊዝኛ መልሳ ልታነብልኝ ተስማማች። የምናገረው ስለ ማስታወቂያው ብቻ እንዲሆን፣ መተግበሪያው ስለ እናቴ ሲያናግረኝ እንደቀለለኝም እንዳልደብቅ ተነጋገርን። ከዚያም ሥራ አስፈቅጄ መጀመሪያ እትዬ አልማዝን ክሊኒክ እንዳደርስ፣ ከመጠበቂያው ክፍል ሆኜም ከቀትር በፊት ለሕግ ባለሙያዋ ደውዬ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ስም እንዳስመዘግብ ወሰንን።